የሃይብሪድ ባትሪዬን 9 ወር በስልኬ ስከታተል ያየሁት

ይህችን ኦቢዲ ስካነር (የመኪናን ኮምፒውተር የምታነብ ትንሽ መሣሪያ) የገዛሁት መኪናዬ ተበላሽታ አይደለም። በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሄደው ሃይብሪዷ ከ10 ዓመት በላይ ሠርታለች፤ ዋናው ባትሪም ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት እስኪበራ ከምጠብቅ ቀድሜ ልወቅ ብዬ ነው የገዛሁት። መጠኗ የክብሪት ቀፎ ያህል ነው። ከመሪው በታች ያለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። የቀረውን አፑ ይሠራዋል።

የሃይብሪድ ዋና ባትሪ ሲባል አንድ ወጥ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን አይደለም። የ2ኛውንና የ3ኛውን ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ብንወስድ፣ ባትሪው 28 ሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) በተከታታይ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ሞጁል 7.2 ቮልት ነው፤ ሲደመር 201.6 ቮልት። የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በ14 ብሎክ ይለካቸዋል። የኔም መኪና አሠራሯ እንደዚሁ ስለሆነ ስልኬ ላይ 14 ዘንጎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። 13ቱ ደህና ሆነው አንዱ ከደከመ ሙሉ ባትሪው ይደክማል። የምንፈልገውም ያንን አንዱን ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ምንም አልነበረም። ዘንጎቹ እኩል ናቸው፣ እኔም ማየቱን ቀነስኩ።

በ4ኛው ወር መጀመሪያ የነቃው ጆሮዬ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፋን አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር ጎን ነው። ድሮ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሁን ግን አጭር መንገድ ነድቼ እንኳ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል። ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት መዋዠቅ ጀመረ። ትንሽ ዳገት ስወጣ 6 የነበረው መስመር 2 ይሆናል። ቁልቁለቱን ስወርድ ደግሞ ወዲያው ይሞላል። እውነቱን ልናገር፣ ቶሎ መሙላቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጣሳው ስላነሰ ነው ቶሎ የሞላው። ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ሲቀንስ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ይህ ከሁሉም ምልክቶች ቀድሞ የሚታይ ይመስለኛል፤ ስካነር የሌለውም ሰው ሊያየው ይችላል። ነዳጅ ፍጆታው የጨመረው፣ ቆሜ ሳለሁ ሞተሩ በየደቂቃው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ስካነሩን ሰክቼ ቆሜ ሳየው ሁሉም ብሎክ እኩል ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የደከመ ብሎክ ሥራ ሲፈታ ከጤነኛው አይለይም። የሚለየው ሸክም ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን ስልኩን አስይዤ (እየነዱ ስልክ ማየት በፍጹም አይሞከርም) ዳገት ወጣን። ነዳጁን ረገጥ ሳደርገው «9ኛው ወረደ!» አለኝ። ሌሎቹ 14.6 ቮልት አካባቢ ሲሆኑ 9ኛው 13.3 ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዝኩ ስወርድ፣ ማለትም ባትሪው ቻርጅ ሲሆን፣ ያው 9ኛ ብሎክ ተገልብጦ ከሁሉም በላይ ወጣ። ሌሎቹ 16.4፣ እሱ 17.2። ሲሰጥ ከሁሉ በታች፣ ሲቀበል ከሁሉ በላይ። የውስጥ ተቃውሞው (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያስቸግረው ነገር) የጨመረ ብሎክ እንዲህ ነው የሚሆነው። ያን ቀን ለስካነሩ ያወጣሁት ገንዘብ ተመለሰልኝ።

እንዲያም ሆኖ ባትሪው አልቆለታል ብዬ አልደመደምኩም። መጀመሪያ ቀላሉን ማየት ይሻላል። የፋኑን የአየር መሳቢያ ስከፍት ፊልተሩ በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ተደፍኗል። አጸዳሁት። 48 ዲግሪ ደርሶ የነበረው የባትሪው የመሃል ሙቀት በዚያው መንገድ ወደ 40 ወረደ፣ ፋኑም ዝም አለ። ባለ 12 ቮልቱን ትንሹን ባትሪም አስለካሁ። እሱ ሲደክም መኪናዋ ግራ የሚያጋቡ ማስጠንቀቂያዎችን ልታበራ ስለምትችል ነው። ደህና ነበር። የ9ኛው ብሎክ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አነበቡና «ምንም የለባትም፣ ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ። በጣም አዘንኩ። ኮድ እኮ የሚመዘገበው ልዩነቱ ኮምፒውተሩ የማይታገሰው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ፒ0ኤ80 የሚባለው ኮድ ሲመጣ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል።

ሌላ መካኒክ ጋ ሄጄ በስልኬ የቀዳሁትን ግራፍ አሳየሁት። ግራፉን ሁለቴ ደጋግሞ አየና «ይከፈት» አለ። የጎማ ጓንት አድርጎ የደህንነት መሰኪያውን ነቀለ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ጠበቀ። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ቦታ ሁሉ ማንም ሰው ቤቱ አይንካው፤ ይገድላል። ሲከፈት ሞጁሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ሳህኖች አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ከ9ኛው ብሎክ ሁለት ሞጁሎች አንዱን በጭነት ሲለካው ቮልቱ ቁልቁል ሄደ።

አንዱን ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ሙሉውን አስቀየርኩ። በዕድሜ የገፉ 27 ሞጁሎች መሃል አንድ አዲስ ቢገባ አቅማቸው አይመጣጠንም፣ ቀጥሎ የሚደክመው ጎረቤቱ ነው። መኪናውን ቶሎ የሚሸጥ ሰው ሌላ ሊያስብ ይችላል። ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ግን አልመክርም።

ስለ ስካነሯ ቅሬታም አለኝ። ብሉቱዙ በየጊዜው ይቋረጣል፣ በተለይ ጠዋት። ተሰክታ ሳምንት ከቆየች ትንሹን ባትሪ ስለምትጠጣ ሁልጊዜ እነቅላታለሁ። መሰኪያው ጉልበቴን ስለሚነካ ማራዘሚያ ገመድ ገዛሁ። አፑ «የቀረው የባትሪ ዕድሜ» ብሎ የሚሰጠው ፐርሰንት ደግሞ በቀዝቃዛ ጠዋት አንድ፣ በሙቅ ከሰዓት ሌላ ይላል። እሱን ትቼ የብሎኮቹን ልዩነት ብቻ ነው የማየው። ከመግዛታችሁ በፊት ስካነሩም አፑም የመኪናችሁን የሃይብሪድ ባትሪ ማንበባቸውን አረጋግጡ። የሞተር ኮድ ብቻ አንብቦ ብሎኮቹን ጭራሽ የማያሳይ አለ።

አሁን በወር አንዴ ያንኑ ዳገት፣ የባትሪው ምልክት ተመሳሳይ መስመር ላይ ሲሆን እወጣና ግራፉን አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ቮልቱ ከሁሉ በላይ በሆነውና ከሁሉ በታች በሆነው ብሎክ መካከል የነበረው ልዩነት 0.2 ቮልት ነው።