ሲመንስ ኤስ7-1200 በአዳማ ዱቄት ፋብሪካ፦ መብራት በሚዋዥቅበት መስመር ላይ የታየ ፒኤልሲ

አዳማ ውስጥ የዱቄት ፋብሪካውን የቁጥጥር ፓነል ለማደስ የተነሣ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዕቃው መብራት ሲዋዥቅና ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው። እኔም የሲመንስ ኤስ7-1200 ፒኤልሲን (ማሽኖችን በፕሮግራም የሚቆጣጠር አነስተኛ ኮምፒውተር)፣ ሲፒዩ 1214ሲ የተባለውን ሞዴል፣ በተለይም ኤሲ/ዲሲ/ሪሌይ የሚባለውን ዓይነት (በኤሲ ኃይል የሚሠራ፣ መግቢያዎቹ ዲሲ፣ መውጫዎቹም ሪሌይ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎች የሆኑ)፣ በስንዴ ማበጠሪያና በማሸጊያ መስመር ላይ የመዘንኩት በዚሁ ነው።

ትልቁ ብርታቱ ከ85 እስከ 264 ቮልት ባለው ኃይል መሥራቱ ነው። የወፍጮዎቹ ሞተሮች ተከታትለው ሲነሡ የፓነሉ አምፖሎች ይደበዝዛሉ፣ ኮንታክተሮቹም (ሞተሮቹን የሚያበሩና የሚያጠፉት ትልልቅ ማብሪያዎች) ይንጫጫሉ፤ ፒኤልሲው ግን ሥራውን አያቋርጥም። ከ264 ቮልት በላይ ለሚመጣ ድንገተኛ ጭማሪ መከላከያ ሊገጠምለት ይገባል። ፕሮግራሙ ያለ ባትሪ ስለሚቀመጥ፣ ኃይል ለሳምንታት ቢቋረጥም አይጠፋም።

የጆንያ ቆጠራው ጉዳይ ግን ይለያል። ቆጣሪው በቲአይኤ ፖርታል (የሲመንስ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር) ውስጥ «ሪቴይን» ማለትም «ቁጥሩ ይቆይ» ተብሎ ካልተመረጠ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ በዚህም የፈረቃ ኃላፊው መዝገብና ስክሪኑ አይገጥሙም፣ ጥፋቱም ያለ አግባብ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው፤ ዕቃው ሲገዛ ያለው ቅንብር ኃይል ሲመለስ ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ የሚመልሰው በመሆኑ፣ ሲሠራ ከነበረ በቀጥታ ወደ ሥራ ይገባል። የተቀረቀረ እህል ለማጽዳት ሠራተኛው እጁን ማጓጓዣው ውስጥ በከተተበት ቅጽበት ሞተሩ እንዳይነሣ፣ የማስነሻ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ በቀር ምንም ነገር እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ፕሮግራሙን መጻፍ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው። ይህም ቢሆን ከጽዳት በፊት የሞተሩን ኃይል አጥፍቶ መቆለፍን አይተካም።

የሪሌይ መውጫዎቹ እስከ 2 አምፒር ይሸከማሉ፤ በሙሉ ጭነት ሲሠሩ ግን ዕድሜያቸው 100,000 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት በየ20 ሰከንዱ የሚከፈት የማሸጊያ ቫልቭ ይህን ያህል ጭነት ቢኖረው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ በመካከል ተነቅሎ የሚተካ ርካሽ ሪሌይ እንዲገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሴንሰርና ከቁልፍ ምልክት የሚቀበሉት 14ቱ መግቢያዎችና ትእዛዝ የሚያስተላልፉት 10ሩ መውጫዎች ለአንድ አነስተኛ መስመር ይበቃሉ። ከፍና ዝቅ የሚል መጠን የሚያነቡት ሁለቱ አናሎግ መግቢያዎች ግን ከ0 እስከ 10 ቮልት ብቻ ስለሚቀበሉ፣ የጎተራውን መጠን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ለሚልክ ሴንሰር ተጨማሪ ሞጁል፣ ካልሆነም ምልክቱን ወደ ቮልት የሚቀይር 500 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ ገዢው ይህን ወጪ ከወዲሁ ቢያሰላው ይሻለዋል።