የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ጥገና፣ ሜክሲኮ አካባቢ

የልብ ጡንቻ ሴል የሚያድግበትን ኢንኩቤተር (ሙቀቱንና ጋዙን ጠብቆ የሚያቆይ ሳጥን) የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። የሙቀት ሥራቸው እንከን የለውም። ቴርሞሜትሩን ላይኛውም ታችኛውም መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው 37 ዲግሪ ላይ እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ የበሩን ጎማም ሳይጠየቁ ይፈትሻሉ።

ጣጣው የሴሎቹን ምግብ ፈሳሽ አሲድነት የሚጠብቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ላይ ነው። መለኪያቸው 5 በመቶ ካነበበ «አለቀ» ይላሉ። በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ልክ ነበሩ። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል። እዚህ 5 በመቶ ማለት ለሴሎቹ ምግብ ፈሳሽ በባሕር ጠለል ላይ 3.8 በመቶ እንደማለት ነው። ፈሳሹ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ከቀይነት ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሴሎቹም አይመቻቸውም።

ስለዚህ 6.5 በመቶ ገደማ እንዲያደርጉት ንገሯቸው። መለኪያው ለከፍታ የተስተካከለ መሆኑንም ጠይቁ፤ ያልተስተካከለ ኢንፍራሬድ መለኪያ ራሱ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ሁለት ጊዜ ታርማላችሁ፣ ጋዙ ይበዛል። ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ትንሽ ቅር ይላቸዋል፣ ግድ የለም። ሴል የሌለበት ፈሳሽ ክዳኑ በላላ ዕቃ አንድ ሌሊት ኢንኩቤተሩ ውስጥ አሳድራችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.4 ካልሆነ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ።

የጋዝ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንስ መቆጣጠሪያ) ይሸጣሉ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ካልሆነ ይቅርባችሁ፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ግፊቱ ይዋዥቃል። የውኃ ትሪውን በቧንቧ ውኃ ሞልተው ነው የሚመልሱት፤ ወዲያው ደፍታችሁ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውኃ ተኩት፣ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል።