ካነን 100 ሚሊሜትር ማክሮን ከፍላሽ ጋር በእጅ ይዞ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ካነን ኢኤፍ 100 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ኤል ማክሮ አይኤስ አዲስ ሌንስ አይደለም። ማክሮ ማለት ጥቃቅን ነገሮችን በጣም ቀርቦና አጉልቶ ማንሳት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኔ እጅ ከገባ ወራት አልፈዋል። በእነዚህ ወራት ትራይፖድ የተጠቀምኩት ከስንት አንዴ ነው። ካሜራውን በእጄ ይዤ፣ ትንሽ ፍላሽ ከላይ ሰክቼ፣ ከፍላሹ ፊት ብርሃን ማለስለሻ አስሬ ነው የምሠራው። ግምገማዬም የዚህ ጥምረት ነው። ሌንሱን በጣም እወደዋለሁ። ገና የሚጀምር ሰው ግን ሐሳቡንም ገንዘቡንም መጀመሪያ ብርሃኑ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ስለ ሌንሱ ብዙ አልልም፤ ጥራቱ የታወቀ ነው። 625 ግራም ይመዝናል፤ ረጅም ሰዓት ይዞ መዞር አያስመርርም። እስከ 1 ለ 1 ያጎላል። 1 ሴንቲሜትር የምታህል ጥንዚዛ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይም በ1 ሴንቲሜትር ልክ ታርፋለች ማለት ነው። በጣም ቀርቦ ፎከስ የሚያደርገው በ30 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ግን ከሴንሰሩ ጀምሮ የሚለካ ነው። ከሌንሱ አፍ እስከ ጥንዚዛዋ የሚቀረው 13 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለሸረሪትና ለጉንዳን ይበቃል፤ ለቢራቢሮ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁዱን፣ ማለትም ሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ፣ ደግሞ አውልቁት። ከዚያችው ክፍተት ላይ ይቀንሳል፣ የፍላሹንም ብርሃን ይጋርዳል።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው አይኤስ በሩቁ እስከ 4 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ በእጥፍ ማርዘም ነው)፣ 1 ለ 1 ላይ ግን እስከ 2 ስቶፕ እንደሚረዳ ካነን ራሱ ይገልጻል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ በቪውፋይንደሩ የማየው ምስል መረጋጋቱ ነው። የሸረሪቷን ዓይን ሳላጣ መከተል እችላለሁ። ሰውነታችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ ግን አይኤስ ምንም አያደርግም። ማክሮን የሚያከብደው ደግሞ ይሄው ነው። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ላይ፣ በ1 ለ 1 እና በኤፍ 11 (የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል)፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። መተንፈስ ብቻውን ከዚያ ያወጣችኋል።

ስለዚህ ስጠጋ አውቶፎከሱን አጠፋለሁ። በፎከስ ቀለበቱ የምፈልገውን ጉላት እመርጥና ቀለበቱን እተወዋለሁ። ከዚያ ክንዴን ጎኔ ላይ አጣብቄ፣ መላ ሰውነቴን በቀስታ ወደ ፊት አስጠጋለሁ። ዓይኑ ጥርት ባለበት ቅጽበት እጫናለሁ፤ ደግሜም እጫናለሁ። ብዙው ፎከሱን ይስታል፤ ማክሮ በእጅ ሲሠራ እንዲህ ነው። አንድ ዘዴ ግን ከሁሉም በላይ ረድቶኛል። ነፍሳቱ ያሉበትን የተክል አገዳ በግራ እጄ ጣቶች በስሱ እይዝና ሌንሱን እዚያው እጅ ላይ አስደግፋለሁ። እጄ ሲንቀሳቀስ ቅጠሉም ካሜራውም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ነፋስ ባለበት ቀን ያለዚህ መሥራት አይታሰብም።

ፍላሽ ለምን አስፈለገ? 1 ለ 1 ላይ ሌንሱ ራሱ ብርሃን ይበላል። ካሜራው ኤፍ 11 ብሎ ቢያሳይም ሴንሰሩ የሚያገኘው ብርሃን ወደ ኤፍ 22 የተጠጋ ነው። ከኤፍ 11 አልፌ ብዙ የማልሄደውም ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዲፍራክሽን፣ ማለትም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ፣ ዝርዝሩን ያደበዝዘዋል። በቀን ብርሃን ብቻ ልሥራ ካላችሁ ወይ አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) በጣም ትሰቅሉታላችሁ፣ ወይ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ታዘገዩታላችሁ። ሁለቱም ፎቶውን ይጎዳሉ።

ፍላሽ ይህን ቋጠሮ ይፈታል። ብዙ ትንንሽ ፍላሾች ኃይላቸው ወደ 1/16 ወይም 1/32 ሲወርድ ብልጭታቸው ከ1/5,000 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቆየው። ሹተሩ 1/200 ላይ ቢሆንም እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ብልጭታው ነው። ለዚህ ግን የአካባቢው ብርሃን ፎቶው ውስጥ መግባት የለበትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍላሹን አጥፉና በዚያው ሴቲንግ አንድ አንሱ። ጥቁር ከሆነ ሥራውን ሁሉ ፍላሹ እየሠራ ነው። እኔ በማኑዋል 1/200፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200 ብዬ እጀምርና የፍላሹን ኃይል ብቻ አስተካክላለሁ። ፍላሹን ከፈጣን ሹተር ጋር የሚያሠራውን፣ ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለውን ስልት አትጠቀሙ። ብርሃኑን ከፋፍሎ ስለሚረጭ እንቅስቃሴ የማቆም ጥቅሙ ይጠፋል፤ ኃይሉም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማለስለሻው። ባዶ ፍላሽ የጥንዚዛን ጀርባ ነጭ ነጥብ ያደርገዋል፤ ቀለሙም ቅርጹም ይጠፋል። ለስላሳ ብርሃን የሚመጣው የብርሃኑ ምንጭ ከነፍሳቱ አንጻር ትልቅ ሲሆን ነው። ትልቅ የሚሆነው ደግሞ ሲሰፋም ሲቀርብም ነው። ስለዚህ ማለስለሻው እስከ ሌንሱ ጫፍ ድረስ መዘርጋት አለበት። ፍላሹ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ነጭ ሽፋኖች ለዚህ ሥራ አይረቡም፤ በጣም ትንሽና ሩቅ ናቸው። ከሞከርኩት ሁሉ የወደድኩት ባለ ሁለት ሽፋኑን ነው። አንዱ ሽፋን ፍላሹ አፍ ላይ ብርሃኑን ይበትናል። ሁለተኛው፣ ሰፊና ቀጭን ነጭ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ክፍተት ትቶ ነፍሳቱ አናት ላይ ይጎነበሳል። መሃሉ ላይ የሚደምቅ ቦታ ከታያችሁ የመጀመሪያውን ሽፋን አወፍሩት። ብርሃኑ ማለስለሻው ላይ ሰፍቶ መሰራጨቱን ለማወቅ የዝንብ ወይም የሸረሪት ዓይን ላይ ያለውን ነጸብራቅ አጉልታችሁ እዩ። የማለስለሻው ቅርጽ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማቅረቡ ሌላም ትርፍ አለው። የብርሃኑን ርቀት በግማሽ ስትቀንሱ የሚደርሰው ብርሃን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ያኔ የፍላሹን ኃይል ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ብልጭታው ያጥራል፣ ባትሪው ይበረክታል፣ ፍላሹም ለቀጣዩ ፎቶ ቶሎ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ግን ይጨልማል፤ ብርሃኑ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል። ጥቁር ጀርባ ካልወደዳችሁ ከነፍሳቱ ኋላ ቅርብ ቅጠል ያለበትን ማዕዘን ፈልጉ።

ከወራት በኋላ ሌንሱ እንደነበረ ነው። የደከመው ሌላው ዕቃ ነው። ገዝቼው የነበረው የጨርቅ ማለስለሻ ጎበጠና ቅጠል መንካት ጀመረ፤ ነፍሳቱም ይሸሻሉ። የፍላሹ እግርም በማለስለሻው ክብደት ላላ ብሏል። ለፍላሽ ባትሪ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ግዙ፤ ከተራው አልካላይን ይልቅ ፍላሹን ቶሎ ይሞላዋል።

ማለዳ ውጡ። ነፍሳት ሰውነታቸው እስኪሞቅ ድረስ ዝግ ይላሉ፤ ጤዛውም ገና አልረገፈም። ጥላችሁን አታሳርፉባቸው። ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ ማንሳትን ግን በፍጹም አልደግፍም። ፍጡሩ ይጎዳል፣ አቋሙም የሞተ ይመስላል።

ይህን ሌንስ ለመግዛት አቅሙ ካላችሁ አትጸጸቱም። ከሌላችሁ ደግሞ ባላችሁ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ጨምሩ። ውስጡ መስታወት የለውም፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ ያርቅና ቀርቦ እንዲያይ ያደርገዋል። የተረፈውን ገንዘብ ፍላሽና ጥሩ ማለስለሻ ላይ አውሉት። ሌንሱን በኋላ ስትቀይሩ ፍላሹም ማለስለሻውም አብረዋችሁ ይቀጥላሉ።