ያልገዛችሁት ድራይቭ ሲታያችሁ፦ ዲስክ ማኔጅመንት እና ዲስክፓርት

ዊንዶውስ ላይ አንድ ቀን ድንገት «ድራይቭ ኢ» የሚባል ነገር ብቅ ይላል። ፍላሽ አልሰካችሁም፣ ሃርድ ዲስክ አልጨመራችሁም። እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ሱቅ አትሂዱ። እኛ ጋ ለኮምፒውተር ችግር ሁሉ መልሱ «ፎርማት ይደረግ» ነው፣ ሰውም የልጆቹን ፎቶ የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ጣጣ የሚሆኑት ሁለት መሣሪያዎች ዊንዶውስ ውስጥ በነፃ ተቀምጠዋል። ክራክ የተደረገ የፓርቲሽን (ዲስክ የሚከፋፈልበት ክፍል) ሶፍትዌር ፍለጋ መግባትም አያስፈልግም፤ ከሱ ጋር ቫይረስ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ከዲስክ ማኔጅመንት ልጀምር። ስታርትን በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። የምወድለት ነገር ዲስኩን ከፋፍሎ በሥዕል ማሳየቱ ነው። ያ ያስደነገጣችሁ ድራይቭ እዚህ ሲታይ ብዙ ጊዜ «ሪከቨሪ ፓርቲሽን» ተብሎ ይገኛል፣ መጠኑም 450 ወይም 500 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ግማሹ ጭንቀት እዚያው ያልቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት፣ 1803 የሚባለው፣ ብዙ ሰው ላይ ያደረገው ይህንን ነበር፤ ተደብቆ መቀመጥ ያለበትን ክፍል ፊደል ሰጥቶ አወጣው፣ ክፍሉ ደግሞ ትንሽ ስለሆነና ሞልቶ ስለሚገኝ «ቦታ እያለቀ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ይመጣ ነበር።

ጉድለቱ ግን ያናድዳል። ሪከቨሪውን በቀኝ ክሊክ ስትነኩት ከ«ሄልፕ» ሌላ ምንም አይሰጣችሁም። ታያላችሁ እንጂ ምንም ማድረግ አትችሉም።

እዚህ ላይ ነው ዲስክፓርት የሚያስፈልገው። ሲኤምዲን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ እንደ አድሚን ከፍታችሁ የዲስክፓርትን ስም ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ «ሊስት ቮልዩም»። ፊደሉን፣ መጠኑንና ዓይነቱን በቁጥር ይደረድርላችኋል። የምትፈልጉት ቁጥር 4 ላይ ከሆነ «ሴሌክት ቮልዩም 4»፣ ቀጥሎ «ሪሙቭ ሌተር» ብላችሁ የእኩል ምልክትና ፊደሉን ጨምሩ። አለቀ። ድራይቩ ከዓይን ይጠፋል፣ ውስጡ ያለው ግን አይነካም፤ የተነሳው ፊደሉ ብቻ ነው። ክፍሉን ራሱን እንዳትሰርዙት፣ ዊንዶውስ አልነሳም ያለ ቀን መጠገኛው እሱ ነው።

ዲስክፓርት ላይ አንድ ከባድ ቅሬታ አለኝ። «ክሊን» የምትባለው ትእዛዝ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ኢንተር እንዳላችሁ የዲስኩ ፓርቲሽን ሁሉ ይጠፋል። ትእዛዟ ግን ጥቅም አላት፤ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም) የጫናችሁበት የ32 ጊጋ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ሲታይ የምትመልሰው እሷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላውን ፍላሽና ኤክስተርናል ሁሉ ንቀሉ፣ «ሊስት ዲስክ» በሉ፣ በ«ሴሌክት ዲስክ» ቁጥሩን ምረጡ፣ እንደገና «ሊስት ዲስክ» በሉና ከመረጣችሁት ዲስክ አጠገብ ያለችውን የኮከብ ምልክት እዩ፣ መጠኑንም አረጋግጡ። ይህን ያህል አደገኛ ነገር ያለ አንድ ጥያቄ መተው ልክ አይመስለኝም።

ባዶ የሆኑ አራት አምስት ፊደላት ተደርድረው ካያችሁ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱን ፊደል ይይዛል፣ ካርድ ባይኖርበትም። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ ዲሴብል አድርጉት።

ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የጫናችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሊኑክሱ ክፍል ፊደል ካገኘ ዊንዶውስ ሊያነበው ስለማይችል፣ ልትከፍቱት ስትሞክሩ «ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» ይላችኋል። ካንስል በሉት፣ ፊደሉን አንሱለትና ተዉት።