ዳርጂሊንግን በአንድ ቀን ለማየት፦ ጂፕ፣ ባቡር ወይስ በእግር?

ሕንድ ውስጥ ሂማሊያ ግርጌ ያለችው ዳርጂሊንግ ገብታችሁ ሻንጣ ሳታወርዱ «ነገ ፖይንት ትሄዳላችሁ?» የሚል ሰው ይመጣል። ሆቴሉ ውስጥም አለ፣ ጂፕ ተራው ጋም አለ። ፖይንት የሚሉት የሚጎበኝ ቦታን ነው። ሦስት ፖይንት፣ አምስት ፖይንት፣ ሰባት ፖይንት እየተባለ በጥቅል ይሸጣል። ቁጥሩ ሲበዛ ብዙ የምታዩ ይመስላችኋል፤ እሱ የሻጭ ሒሳብ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ብዙ ነው። በተለይ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለማሳከም ደልሂ የከረመ አበሻ፣ ሂማሊያን ሳላይማ አልመለስም ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይሰርቃል። ከደልሂ ለዳርጂሊንግ ቅርብ እስከሆነው ባግዶግራ አውሮፕላን ማረፊያ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ ዳገት በመኪና አለ፣ ደህና ከሄደ ሦስት ሰዓት፣ መንገዱ ከተጨናነቀ ደግሞ እግዜር ይወቀው። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል፣ የመጨረሻውም እንደዚያው። መሀል ላይ የምትተርፈው አንዷ ቀን ናት እንግዲህ ዋጋዋ።

ለዚህች ቀን አራት ምርጫ አለ፦ የንጋት ጂፕ፣ የቀን ጂፕ፣ ትንሿ ባቡር፣ እና የገዛ እግራችሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሹፌሩ «አራት ሰዓት» ሲላችሁ ከሌሊቱ አሥር ማለቱ ነውና ተጠንቀቁ። ዓመተ ምሕረቱ ግን ሁሉም በፈረንጅ ነው።

የንጋቱ ጂፕ (ሦስት ፖይንት)

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ባለው ይነሳል። መጀመሪያ ታይገር ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ታያላችሁ፣ ስትመለሱ ጉም ከተማ ያለው የቡድሂስት ገዳም ጋ ትቆማላችሁ፣ ከዚያ ባታሲያ ሉፕ የሚባለው ባቡሩ ዙሪያውን የሚጠመዘዝበት መናፈሻ። ለቁርስ ሆቴላችሁ ናችሁ።

ታይገር ሂል ከፍታው 2,590 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ይበልጠዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥረኛል ብሎ አይስጋ፤ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። በታኅሣሥና በጥር አንድ ሹራብ ምንም አያደርግም። ጋቢ የያዘ ሰው ብልህ ነው፣ ማንም አይስቅበትም፣ እዚያ ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ተከናንቧል።

የምትሄዱት ለካንቼንጁንጋ ነው። 8,586 ሜትር፣ በዓለም ሦስተኛው ተራራ። ፀሐይዋ እናንተ ጋ ሳትደርስ ጫፉን ቀድማ ትነካዋለች። መጀመሪያ አንዲት ሮዝ ነጥብ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ደቂቃዎች ናቸው። ኤቨረስትም ይታያል ብለው ይሸጡላችኋል። ውሸት አይደለም፣ ሰማዩ በጣም ከጠራ በስተምዕራብ በሩቁ ትንሽ ጫፉ ብቅ ትላለች። ግን ሕዝቡ ጣቱን ቀስሮ «ኤቨረስት!» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሆኖ ወደሚታየው ነው፤ እሱ ማካሉ የሚባል ሌላ ተራራ ነው፣ ቀረብ ስለሚል ነው ትልቅ የመሰለው። ኤቨረስት ከጎኑ ያለችው ምስኪኗ ናት።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ጭጋግ ከሆነ ምንም አታዩም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ዕድሉ ጥሩ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ሰማዩ ደብዘዝ ይላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ በዚያ ወቅት የንጋት ጂፕ መግዛት ለጭጋግ ብር መክፈል ነው። ሌላው፣ ወደ ላይ የሚወጣው መኪና ቁጥሩ የተገደበ ነው፣ ሹፌሩ ከትራፊክ ፖሊስ ኩፖን ማውጣት አለበት። «ኩፖን አለህ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁት፤ «ችግር የለም» መልስ አይደለም። ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሰዉ ጉድ ነው። በተለይ በጥቅምት የዱርጋ ፑጃ በዓል ሰሞን የኮልካታ ሰው በሙሉ የወጣ ይመስላል፣ ተራራውን የምታዩት በሰው ስልክ ስክሪን በኩል ነው።

እና ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር፦ ያው ተራራ ከተማው ውስጥ ሆናችሁም ይታያል። ቾውራስታ ከሚባለው አደባባይ ጀምሮ ኦብዘርቫቶሪ ሂልን የሚዞር መኪና የማይገባበት መንገድ አለ። በስተጀርባ በኩል ስትደርሱ ሸለቆው ይከፈትና ካንቼንጁንጋ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ነፃ ነው። ከፍ ብሎ የማየትና የኤቨረስቷ ነገር ይቀርባችኋል፤ በምትኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትተኛላችሁ።

የቀኑ ጂፕ (ሰባት ፖይንት)

ይሄኛውን በደንብ እንዘርዝረው፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚገዛው ይህን ነው።

አንደኛ የእንስሳት ፓርኩ፣ ሁለተኛ የተራራ መውጣት ተቋሙ። ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ትኬታቸውም አንድ ነው፣ ጥቅሉ ላይ ግን ሁለት ፖይንት ተብለው ተቆጥረዋል። ሦስተኛ ቴንዚንግ ሮክ፣ መንገድ ዳር ያለ ትልቅ ቋጥኝ ነው፣ ጥቂት ሩፒ ከፍላችሁ በገመድ ትወጡበታላችሁ፣ ልጆች ይወዱታል፣ አዋቂ መስኮት ከፍቶ አይቶት ያልፋል። አራተኛ የኬብል መኪናው። አምስተኛ «የሻይ እርሻ»፣ ብዙ ጊዜ እርሻ ሳይሆን መንገድ ዳር ቁጥቋጦው አጠገብ ያለ የሻይ መሸጫ ነው፣ የለቃሚዎችን ልብስ አከራይተው ፎቶ ያስነሷችኋል። ስድስተኛ የቲቤት ስደተኞች ማዕከል። ሰባተኛ የጃፓኖቹ የሰላም ፓጎዳና ቤተ መቅደሱ።

ከነዚህ ውስጥ በእውነት የሚያስቆሙት ሦስት ናቸው በእኔ ግምት። የእንስሳት ፓርኩ ቀይ ፓንዳና የበረዶ ነብር አለው፣ ቀይ ፓንዳዋ እንደ ድመት ቅርንጫፍ ላይ ተጋድማ ጅራቷን ስታንጠለጥል ትልቅ ሰውም ልጅ ይሆናል። ተቋሙ በ1954 የተመሠረተ ነው፣ ቴንዚንግ ኖርጌይና ሂላሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤቨረስት ላይ በወጡ በዓመቱ። ቴንዚንግ እዚያው አስተምሯል፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። ሙዚየሙ ውስጥ የድሮ ተራራ ወጪዎች ጫማና ጃኬት ታያላችሁ፤ በዚህ ልብስ ነው እንዴ የወጡት ያሰኛል። የቲቤት ማዕከሉ በ1959 የተከፈተ ነው፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ሲሠሩ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል፣ የገዛችሁት ሹራብ ገንዘቡ የት እንደሚሄድም ታውቃላችሁ።

ኬብሉን በተመለከተ፣ በበዓል ሰሞን ሰልፉ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ሹፌሩ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም፣ ሰዓቱን እያየ ጥሩምባ ይነፋል። የሰባት ፖይንት ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፦ ሩጫ። ፓርኩ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት የፈለገ ሰው «አርባ ደቂቃ» ይባላል፣ ከዚያ ለቋጥኙ ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል።

በኮንትራት ከያዛችሁት ይሄ ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። በሰው ሒሳብ ከሌሎች ጋር ተዳብላችሁ ከሄዳችሁ ርካሽ ነው፣ ቦታና ሰዓት መምረጥ ግን የለም። አራት አምስት ከሆናችሁ ኮንትራቱ ተካፍላችሁት ብዙም አይጎዳም። ብቻውን የሆነ ሰው ሰባት ፖይንት በኮንትራት መያዝ የለበትም፣ ቁርጥ ነው።

ትንሿ ባቡር

የዳርጂሊንግ ባቡር ከ1879 እስከ 1881 የተሠራ ነው፣ በ1999 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው ቅርሶች ገብቷል። የሐዲዱ ስፋት 610 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የድሮውን የለገሃር ባቡር ሐዲድ ያየ ሰው እሱ ራሱ ቀጭን ይመስለው ነበር፤ እሱ ግን አንድ ሙሉ ሜትር ነው።

ቱሪስት የሚገዛው ከዳርጂሊንግ ጉም ደርሶ የሚመለሰውን የሁለት ሰዓት ጉዞ ነው። ባታሲያ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆማል። ከዚያ ጉም፣ ስሟም ነገሯም ጉም የሆነች ከተማ፣ 2,258 ሜትር ላይ፣ የሕንድ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ። ትንሽ ሙዚየም አለች፣ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በከሰልና በእንፋሎት የሚሄደው ወደ 1,500 ሩፒ፣ የናፍጣው ወደ 1,000 ሩፒ ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ የሕንድ ባቡር መተግበሪያ ላይ እዩት። በቱሪስት ሰሞን ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ማግኘት ይከብዳል።

ለሁለት ሰዓት ጉዞ ውድ ነው። ግን የሚከፈለው ለርቀቱ አይደለም። ባቡሩ ከመኪናው መንገድ ጋር እየተጠላለፈ፣ በሱቆቹ ደጃፍ ሥር ያልፋል፣ እጃችሁን ብትዘረጉ ከተሰቀለው ሹራብ አንዱን ታወርዳላችሁ። ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፣ ለምዶታል። የእንፋሎቱ ከሆነ ጥላሸቱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ነጭ ልብስ አይለበስም። ልጅ ካለ ወይም ባቡር የሚወድ ሰው ከሆነ እንፋሎቱን ያዙ፤ ለማየት ያህል ብቻ ከሆነ ናፍጣው ይበቃል፣ መንገዱና የሚታየው ነገር ያው ነው። ጭራሽ ባቡር የማይገርማችሁ ከሆነ ባታሲያ ቁማችሁ ሲያልፍ እዩትና ገንዘባችሁን ያዙ።

ልብ በሉ፣ የንጋቱ ጂፕና ባቡሩ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ባታሲያና ጉም ሁለቱም ውስጥ አሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን የገዛ ሰው ያንኑ ቦታ ሁለቴ ከፈለበት ማለት ነው። በክረምት ከመጣችሁ ባቡሩ ይሻላል፣ ቢያንስ ጭጋግ ሲሆን ያምርበታል። ዝናቡ ሲከፋ ግን መንገዱ ይናዳል፣ ጉዞም ይሰረዛል።

በእግር

ከተማዋ 2,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ ነው ያለችው፣ አየሯ ለእኛ ሰው ይስማማል። ከቾውራስታ እስከ እንስሳት ፓርኩ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ጥላ ያለው መንገድ ነው። ወደ ፓጎዳው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ዳገቱ ግን አይከብድም። ከፓርኩ ወደ ሃፒ ቫሊ ሻይ እርሻ ቁልቁል ነው። እዚህ ነው እውነተኛው እርሻ፣ በ1854 የተጀመረ፣ ፋብሪካው ውስጥ አስገብተው ቅጠሉ ሲጠወልግ፣ ሲፈተግና ሲደርቅ ያሳያሉ። ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቅጠል ስለማይለቀም ማሽኑ ቆሞ ነው የምታገኙት። መመለሻው አቀበት ነው፣ ያንን በተዳባይ ታክሲ ውጡት።

ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ ይሄን ምርጫ እርሱት። ከተማዋ ደረጃ በደረጃ ናት። ለእነሱ ኮንትራት ጂፕ፣ ሦስት ቦታ ብቻ መርጣችሁ።

እኔ ብሆን

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ማታ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ኮከቡ ጥርት ካለ በሰው ሒሳብ የንጋቱን ጂፕ እይዛለሁ፣ ደመና ካለ እተኛለሁ። ከቁርስ በኋላ በእግሬ ፓርኩና ተቋሙ፣ ሳልቸኩል እስከ ምሳ። ከሰዓት የቲቤት ማዕከሉ። ባቡሩን እተወዋለሁ። በሌላው ወቅት ከሆነ ባቡሩና ፓርኩ፣ በቃ። ሰባት ፖይንቱን በየትኛውም ወቅት አልገዛውም፤ ቡድን ሆናችሁ በኮንትራት ከያዛችሁት ግን ዝርዝሩን ተደራደሩ፦ ቋጥኙንና መንገድ ዳር ያለውን ሻይ ሰርዞ ለፓርኩ ሰዓት ይጨምርላችሁ። ብዙ ሹፌሮች ይስማማሉ፣ ለእነሱም ነዳጅ ይቆጥባል።

በብርዱ ወራት ቀኑ አጭር ነው፣ በታኅሣሥ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ ስለዚህ ቀኑን በጠዋቱ ጀምሩት። ፓርኩ ሐሙስ ዝግ ነው፣ የቲቤት ማዕከሉ እሑድ። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ «ቬጅ» (ሥጋ የሌለበት) ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ ቅቤና አይብ እነሱ ጋ ከቬጅ ይቆጠራል፤ የጎመን ሞሞ (በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ምግብ ነው) ያለ ቅቤና ያለ አይብ ብላችሁ እዘዙ። ወደ ሲኪም ትሻገራላችሁ የሚል ደላላ ከመጣም ለውጭ ዜጋ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለዳርጂሊንግ ግን አያስፈልግም፣ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለምና ዝም ብላችሁ እለፉት።