ለእማዬ ያሠራሁት ባለ እግር መደብ

እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ዊልቸር ላይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጎመን ስትኮተኩት የኖረች ሴት፣ ጓሮዋን በመስኮት እያየች መዋል ከሕመሙ በላይ ነው የከበዳት። ሐምሌ ላይ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ ባለ እግር መደብ፣ ማለትም አፈር ተሞልቶ አትክልት የሚተከልበት እግር ያለው የላሜራ ሳጥን፣ አሠራሁላት። አሁን ኅዳር ነው፣ እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲም ነው። ከዚህ እንዳታሰፉት፣ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው እጅ አይደርስም። ዋናው ጣጣ ከፍታው ነው። ዊልቸሩ ከሥር እንዲገባ ለጉልበት ወደ 70 ሳንቲም ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ 30 ሳንቲም አፈር ከተጫነበት ግን ጠርዙ ደረቷ ጋ ደርሶ ክንዷን ሰቅላ ልትሠራ ነው። ስለዚህ የሳጥኑን ወለል ዘቅዘቅ አስደረግነው፤ የአፈሩ ጥልቀት በእሷ በኩል 12፣ ከኋላ 30 ሳንቲም ሆነ። ከፊት ሰላጣና በሶብላ፣ ከኋላ ካሮትና ቆስጣ። በጣም ተመችቷታል።

መጀመሪያ ሲመጣ ግን የእግሮቹን ማያያዣ ብረት ከፊት በኩል በይደውታል። ዊልቸሩ ገጭ ብሎ ቆመ። የእማዬ ፊት ጭልም ሲል አየሁ፣ አልረሳውም። ልኩን እኮ በወረቀት ስዬ ሰጥቻቸዋለሁ! ወደ ኋላ አዛወሩልኝ፣ የመኪናውን ግን እኔ ከፈልኩ፣ ይሄ ልክ አይደለም። የውሃ ማፍሰሻውም ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለነበር በክረምቱ ዝናብ አፈሩ ጭቃ ሆኖ የመጀመሪያው ሰላጣ በሰበሰ። አሁን ስምንት ቦታ ተበስቷል፣ ሁሉም ከኋላ ስለሆነ ጉልበቷ ላይ አይንጠባጠብም።

አፈሩን ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋ ጋር ደባልቁት፣ ብቻውን እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የእኛ 150 ሊትር ያህል ወስዷል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፣ ፎቅ በረንዳ ላይ ለማስቀመጥ ያሰበ ይጠንቀቅ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ላሜራው ቶሎ ይግላል፣ በየቀኑ ማጠጣት ግድ ነው። ማጠጫው ለእጇ ስለከበዳት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ክዳን በጋለ ሚስማር በስተን ሰጠናት።

ጥጉ ላይ ጤና አዳም ተክላለች። ባለፈው እሁድ ቡና ሲፈላ ማንንም ሳትጠራ ሄዳ ቀነጠሰች፣ በጣቷ አሸት አድርጋ ሲኒዬ ውስጥ ጣል አደረገችልኝ።

ልታሠሩ ካሰባችሁ ቀሪውን ክፍያ ሳትሰጡ ዊልቸሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ከሥሩ አስገብታችሁ ሞክሩት።