የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ፦ ከአርቢው ግቢ ወይስ ከደላላ እጅ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለግቢ ጥበቃ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሚፈልግ ሰው ወይ እናቲቱ ካለችበት ግቢ ሄዶ ይመርጣል፣ ወይ ደላላ በካርቶን ያመጣለትን ይቀበላል።

ደላላው ይፈጥናል። ዛሬ ደውለው ነገ ቡችላው ደጅዎ ነው። ችግሩ ዕድሜው ነው። «ሁለት ወር ሞልቶታል» ሲባሉ ከንፈሩን ገልጠው ይዩ፦ የስምንት ሳምንት ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። የጎኖቹ ገና ብቅ እያሉ ከሆነ ያለ ጊዜው ከእናቱ ተነጥሏል። ከየቤቱ የተለቀሙ ቡችላዎች አንድ ላይ ሲያድሩ ደግሞ ፓርቮ የሚባለው አንጀት የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ይዛመታል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሽታው ከያዘው ከ3 እስከ 7 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ደም የቀላቀለው ተቅማጥ የሚጀምረው ገዢው ቤት ነው። ያን ጊዜ የደላላው ስልክ አይነሳም።

አርቢው ጋ ወረፋ አለ፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በምትኩ እናቲቱን ያያሉ። እንግዳ ስታይ ጮኻ፣ ባለቤቷ ሲያረጋጋት ዝም የምትል ከሆነች ጥሩ ነው። ጅራቷን ወሽቃ የምትሸሽ ከሆነች ግን ቡችላው ምንም ቢያምር ይተዉት፤ ፈሪነት ይወረሳል። የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ይጠይቁ፤ ቢያንስ 12 ወር ከሞላቸው በኋላ የተነሳ ይሁን። «አያነክሱም» መልስ አይደለም፤ የዳሌ መጋጠሚያ ጉድለት የማያነክስ ውሻም ለልጁ ያስተላልፈዋል። የክትባት ደብተሩ ላይ የጠርሙሱን ተለጣፊና የሐኪሙን ፊርማ ይፈልጉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ክትባቱ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደጋገማል፣ የቀረው የእርስዎ ሥራ ነው።

ጥሩ አርቢ እርስዎንም ይመረምራል፦ አጥሩ ምን ያህል ነው? ቀኑን ሙሉ ሊታሰር ነው? ይህን የማይጠይቅ አርቢ ከደላላው የሚለየው በስም ብቻ ነው።